ለቀብር ሦስት ቀን፣ ለማስታመም ስንት?

ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከእድር ቤት ይወጣል። ማን ውኃ ይቅዳ፣ ማን እንጀራ ያምጣ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር ይደር ተብሎ ብዙ አይመከርም፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ያውቃል። ቀብር የቀረ አባል ስሙ ይጠራል፣ ቅጣቱንም ይከፍላል። ሕግ አውጪውም በበኩሉ አስቦበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል።

ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ቢተኛስ? ያኔ የሚነፋ ጡሩምባ የለም። አዋጁ ሠራተኛው ራሱ ሲታመም የሕመም ፈቃድ ይሰጠዋል፤ እናቱን ለሚያስታምም ሰው ግን ለይቶ ያስቀመጠለት ፈቃድ የለም። ሊጠቀምበት የሚችለው፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ላጋጠመው ሠራተኛ በሚሰጠው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነው፤ እሱም ያለ ደመወዝ ነው፣ በበጀት ዓመቱም ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በሌላ በኩል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጅ ወላጁን፣ ወንድም እህቱን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል፤ ቀለብ ሲባል ደግሞ ምግብና መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና ጭምር ነው። ግዴታው ተጽፏል፤ ግዴታውን የሚወጡበት ጊዜ አልተጻፈም።

ቤተሰቡን ለረጅም ጊዜ የሚያስታምም ሰው ሲዝል አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከልቡ ውስጥ ይፈለጋል፤ ትዕግሥት አጣ፣ ጸሎት ቀነሰ፣ ፍቅሩ ቀዘቀዘ ይባላል። ምክንያቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የብዙ ሰው ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወድቋል። ይህ ከገባን የምንሰጠው ምክርም ይለወጣል፤ «አይዞሽ፣ በርቺ» ከማለት ይልቅ «የትኛውን ሥራ ልቀበልሽ?» ወደ ማለት እንሻገራለን።

ሥራው ራሱ ምንድን ነው?

በስትሮክ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ያላት፣ ከአልጋ የማትነሣ እናት እንውሰድ። አስታማሚዋ አብራት የምትኖረው ልጇ ናት። እናትየው ለረጅም ሰዓት ሳትገላበጥ ከተኛች አጥንቱ ጎላ በሚልበት ቦታ፣ ማለትም በዳሌዋ፣ ከወገቧ በታችና በተረከዟ ላይ፣ ደም እንደ ልብ መዘዋወሩን ያቆማል። ቆዳው መጀመሪያ መልኩ ይለወጣል፣ ይሞቃል፤ ከዚያ ይላጣል፤ ሲብስ እስከ አጥንት የሚዘልቅ ቁስል ይሆናል። ይህን ለመከላከል ነርሶች የሚሰጡት የተለመደ ምክር በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው። ሲያሰሉት ግን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ይሆናል፤ ከመኝታ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ብቻ ሦስት አራት ጊዜ መነሣት ማለት ነው።

አንዱን የሌሊት ዙር ቀረብ ብለን እንየው። ልጅቱ መብራት ታበራለች። ከእናቷ ትከሻ እስከ ጭኗ ድረስ ታጥፎ የተነጠፈውን አንሶላ ትይዛለች፤ እጅ ወይም ትከሻ ብትጎትት የደከመው መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላልና የምትስበው አንሶላውን ነው። እናቷን በጎን ታዞርና ከጀርባዋ ትራስ ትደግፋለች፤ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ሌላ ትራስ ታገባለች፤ ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር የተጠቀለለ ነጠላ ታደርጋለች። ዳይፐሩ ከረጠበ ትቀይራለች፣ ታጥባለች፣ እርጥበት እንዳይቀር ታደርቃለች፣ ቆዳው የተለወጠ ቦታ እንዳለ በጣቷ እየዳሰሰች ታያለች። ይህ ሁሉ ሲያልቅ እናቷ ውኃ ትጠይቃለች። ስትሮክ የመታው ሰው አዋዋጡ ሊደክም ስለሚችል፣ ተኝቶ የጠጣው ውኃ ትን ብሎ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ቀና አድርጋ ደግፋ፣ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት ታጠጣታለች፣ ከጠጣችም በኋላ ወዲያው አታስተኛትም። ልጅቱ ተመልሳ ስትተኛ እንቅልፉ ሄዷል። ቢመጣም የሚቀጥለው ዙር ደርሷል።

ጠዋት አጥሚቱና ገንፎው፣ የግፊት መለኪያው፣ በሰዓቱ የሚሰጠው ክኒን፣ የደከመውን እጅና እግር ማንቀሳቀሱ ይጀመራል። ቀጠሮ ያለ ዕለት ደግሞ ከፎቅ የሚያወርድ ሁለት ጎረምሳና የሚያመላልስ መኪና መፈለግ አለ። ሆስፒታል ቢገባም እፎይታ አይገኝም፤ በብዙ ሆስፒታሎቻችን አስታማሚ ከሌለ ሕክምናው ራሱ ይጓተታል። ከውጭ ፋርማሲ መድኃኒት የሚገዛው፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ የሚያበላውና የሚያጥበው፣ ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚው ነው። ነርሶች በፈረቃ የሚሠሩትን ሥራ እሱ ያለ ፈረቃ ይሠራዋል።

ዝለት ሲገባ

የሥራ ዝለት በሥነ ልቦና ጽሑፎች ውስጥ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒው ዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ በነፃ ክሊኒክ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችን አይቶ ከጻፈ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፤ የታዘባቸው ሰዎች ሥራቸውን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ወደውት የገቡበት ነበሩ። በኋላ ክሪስቲና ማስላክ የዝለትን ሦስት ገጽታዎች ለየች። ሦስቱም በአስታማሚ ቤት ውስጥ ይታያሉ።

የመጀመሪያው እንቅልፍ የማይጠግነው ድካም ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ቢተኙም ሰውነት እንደዛለ ይነሣል። ሁለተኛው መራቅ ነው። ልጅቱ እናቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ግን አታወራትም፤ «እማዬ» ማለት ቀርቶ ሁሉም ነገር «ክፈቺ»፣ «ዋጪ»፣ «ዙሪ» ይሆናል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ነፍስ ራሷን ከማያባራ ሕመም የምትከልልበት መንገድ ነው። ሦስተኛው፣ ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ሠርቶ ምንም አልሠራሁም ብሎ ማሰብ ነው። በሌላ ሥራ ትጋት ውጤት ያመጣል፤ ይዞታው እያደር በሚብስ በሽተኛ ዘንድ ግን ምርጡ አስታማሚም ቢሆን በሽተኛው ሲደክም ያያል። ድካሙን ከራሱ ጥፋት ጋር ያያይዘዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ዝለትን ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አስቀምጦታል፤ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ላለ ሕይወት እንዳይውልም ለይቶ ገልጿል። ለምደባ ሲባል የተደረገ ነው። ሆኖም ቤት ውስጥ የምታስታምመው ሴት ደመወዝ፣ ፈረቃና ዓመት ፈቃድ እንደሌላት ሁሉ በዚህ ዝርዝር ውስጥም ስም አጥታለች። ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ መለኪያ አለ። ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ያዘጋጁት መጠይቅ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት በ22 ጥያቄዎች ሲሆን፣ አስታማሚው ለራሱ ጊዜ ማጣቱን፣ ከበሽተኛው አጠገብ ሲሆን የሚሰማውን ንዴት፣ የጤናውንና የገንዘቡን መጎዳት፣ ከወዳጆቹ መራቁን ይመዝናል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ስለሚያገኝ ከፍተኛው ድምር 88 ነው። ዋናው ጥቅሙ ከቁጥሩ በላይ ነው፤ አስታማሚን ስለ በሽተኛው ሳይሆን ስለ ራሱ የሚጠይቅ መሆኑ ብርቅ ነው። ሐኪም ቤት ለዓመታት የተመላለሰች አስታማሚ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ባለሙያ ሳታገኝ ልትቀር ትችላለች።

ሰውነት ይመሰክራል

ዝለት ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ያልፋል» ማለት በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን በቀላል መንገድ ፈተነ። የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመዳቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና በዕድሜ የሚቀራረቡ ሌሎች 13 ሴቶችን ወስደው በሁሉም ክንድ ላይ እኩል መጠን ያለው ትንሽ ቁስል አበጁ፤ ከዚያ እስኪድን ጠበቁ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ ዘጠኝ ቀን ያህል ተጨማሪ ወሰደ። የማያባራ ጭንቀት የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል፤ ቆዳ እንኳ በጊዜው አይገጥምም።

ከዚያ የከበደው ደግሞ ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ነው። ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 የሆኑ፣ የታመመ የትዳር ጓደኛቸውን የሚያስታምሙ ሰዎችን ለአራት ዓመት ያህል ተከታተሉ። በማስታመሙ ምክንያት ጫና እንዳለባቸው ከተናገሩት መካከል የመሞት ዕድሉ ከማያስታምሙት እኩዮቻቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለማስፈራሪያ ይጠቀሳል፤ ጎን ለጎን የተገኘው ነገር ግን ይበልጥ ያስተምራል። እያስታመሙ ጫና አልተሰማንም ያሉት ላይ ይህን የመሰለ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ማስታመም ራሱ አይገድልም። የሚጎዳው ያለ ረዳት፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ መጨረሻ ማስታመም ነው። ጫናው ከቀነሰ አደጋውም ሊቀንስ እንደሚችል ማሰብ ይቻላል ማለት ነው።

በሕይወት ያለን ሰው ማዘን

ሐኪም ሊመረምረው የማይችለው ሌላ ሸክም አለ። የመርሳት በሽታ የያዘው አባት ልጁን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጁ አባቱን አጥቷልም አላጣምም። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት የቤተሰብ ሕክምና ምሁር ይህን ዓይነቱን፣ ሰውየው እያለ የሚደርስን መለየት ለዓመታት አጥንታለች። ዋናው ነጥቧ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን መቋጫ ስለሌለው ሰውን በቦታው ያስቀረዋል የሚል ነው። የሞተ ይለቀስለታል፣ ሰልስትና አርባ ይወጣለታል፤ ማልቀስ ተፈቅዷል። አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ እያለ ግን ማን ለቅሶ ይደርሰዋል? ቢያለቅስ «አፍህን በዳቦ፤ አባትህ አለ አይደል?» ይባላል።

በዚህ መሀል ለማንም የማይነገር ሐሳብ ይመጣል። «ምናለ አሁንስ ቢያሳርፈው» የሚል። አስታማሚው ይህን ባሰበ ቅጽበት ራሱን ይረግማል፤ ጡር ይፈራል፤ ምርቃት ሊያገኝ ሲገባው እርግማን የሸመተ ይመስለዋል። ሐሳቡ ግን ረጅም ሕመምን በቅርበት ያየ ሰው ሁሉ ልብ ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ የበሽተኛው ስቃይ እንዲያበቃ መመኘትና በሽተኛውን መጥላት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገርበት አንድ ሰው ያገኘ አስታማሚ፣ የንስሐ አባትም ይሁን፣ እንደሱ የሚያስታምም ጎረቤትም ይሁን፣ የጸጸቱ ግማሽ ይቀልለታል። ንግግር ያላገኘ ጸጸት ወደ ንዴት ይዞራል፤ ንዴቱም ቅርብ ያለውን፣ ማለትም በሽተኛውን ያገኛል።

ለምን በአንዷ ላይ?

ወላጅ ሲታመም ቤተሰብ ተሰብስቦ አስታማሚ አይመርጥም። ምርጫው በዝምታ ይካሄዳል። ያላገባችው፣ ሥራ ያጣችው፣ ከወላጆቿ ቤት ያልወጣችው፣ ብዙ ጊዜም ሴት የሆነችው ልጅ ትያዛለች። መጀመሪያ «እስኪሻላት» ይባላል፤ ከዚያ ዓመት ያልፋል። ሌላው ዓለምም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመርሳት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት 70 በመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው።

ውጭ ያሉት ልጆች ይልካሉ። ገንዘቡ ቀላል ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ፣ ዳይፐሩ፣ የፊዚዮቴራፒው ክፍያ የሚሸፈነው በዋሽንግተን በሁለት ፈረቃ በምትሠራው እህት ወይም በቤሩት ሰው ቤት በምታገለግለው ታናሽ ላብ ነው። ችግሩ ያለው ሁለቱ ወገኖች የሚለዋወጡት ወሬ ላይ ነው። ስልክ ይደወላል፤

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፤ አታስቢ።»

ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ በስደት ያለን ሰው ማስደንገጥ ነውር ነው። ስለዚህ ቁስሉ መውጣቱ፣ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ማለፉ፣ የአስታማሚዋ ወገብ መታመሙ ይደበቃል። ላኪዋ ገንዘቡ ሁሉንም የፈታ ይመስላታል። አስታማሚዋ ደግሞ «እነሱ ብር ይልኩና ይረሳሉ» ትላለች። አንዷ ጉልበቷ አልታየላትም፣ ሌላዋ ላቧ አልታየላትም፤ ቂሙ በሁለቱም በኩል ይከማቻል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አነጋገር ለበሽተኛ ብቻ የተባለ አይመስለኝም።

ጠያቂም አለ፤ በረከት ነው፣ ግን ጣጣም አለው። እሑድ ከሰዓት ብርቱካንና ጁስ ይዘው የሚመጡት ስምንት ሰዎች ቡና ይፈላላቸዋል፣ እንጀራ ይቀርብላቸዋል፣ የሕመሙ ታሪክ ከመጀመሪያው ይተረክላቸዋል። «እግዜር ይማርልሽ» ወይም «አላህ ያሽርልሽ» ብለው ሲወጡ የሚታጠበው ሲኒ ለእሷ ይቀራል። ደግ ሰዎች ናቸው። ቢጠየቁ ለመሥራትም እሺ የሚሉ ናቸው፤ የጠየቃቸው ሰው ግን የለም።

በወንጌሉ ሁለት ሽባዎች አሉ። ከዐቢይ ጾም አራተኛውን ሳምንት በስሙ የምንጠራው መጻጉዕ 38 ዓመት ታሞ ከመጠመቂያው ዳር የቀረው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ ነበር። የቅፍርናሆሙ ሽባ ግን አራት ተሸካሚዎች ነበሩት፤ በሕዝቡ ብዛት በሩ ሲዘጋባቸው ጣሪያ ነቅለው አወረዱት። ተሸካሚው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈለገውን ያህል ቢወደው ጣሪያው ላይ ባልወጣ ነበር።

አራት ተሸካሚ ማግኘት

ምን ይረዳል ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች በደንብ የተፈተነው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ የሜሪ ሚትልማን ሥራ ነው። አልዛይመር የያዘው የትዳር ጓደኛቸውን ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ 406 ሰዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ሁለት ጊዜ ለብቻቸው፣ አራት ጊዜ ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር ከአማካሪ ጋር ተቀመጡ፤ ከዚያም የአስታማሚዎች ስብስብ ውስጥ ገቡ፣ ሲቸግራቸውም የሚደውሉለት ሰው ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት በዚህኛው ወገን ያሉት በሽተኞች ወደ መጦሪያ ተቋም የገቡት ከሌሎቹ 557 ቀን ያህል ዘግይተው ነው። ለበሽተኛው አዲስ መድኃኒት አልተሰጠም። የተለወጠው በአስታማሚው ዙሪያ ያለው ሰው ነው። ከስድስቱ ውይይቶች አራቱ ከቤተሰብ ጋር መሆናቸውም ያጋጣሚ ነገር አይደለም።

እኛ ዘንድ ለዚህ አዲስ ተቋም መፍጠር አያሻም። ቤተሰብ ሲጣላ ሽማግሌ ያስቀምጣል፤ ሳይጣላም ማስቀመጥ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን አስታማሚዋ አንድ ሥራ አላት፤ የአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሥራዋን ከነሰዓቱ በወረቀት ላይ መጻፍ። «ደክሞኛል» የሚል ሰው ምክር ያገኛል፤ ዝርዝር ያቀረበ ሰው ግን ተካፋይ ያገኛል። ወረቀቱ ለውጭዎቹም በፎቶ ይላክ፤ «ደህና ናት» የሚለው መልስ ከዚያ በኋላ አይሠራም።

ክፍፍሉ ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነ ሥራና የተወሰነ ቀን የሚሰጥ መሆን አለበት። «የምትፈልጊው ካለ ንገሪኝ» የሚለው ደግ ቃል ሥራውን መልሶ አስታማሚዋ ላይ ይጥላል፤ ማሰቡ፣ መጠየቁ፣ ይሉኝታው የእሷ ይሆናልና። «ዓርብ ማታ እኔ አድራለሁ» የሚለው ግን ሥራ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ ሌሊቱ ይቅደም። በሳምንት አንድም ይሁን ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ተክቷት፣ እሷ በሌላ ክፍል፣ ቢቻል በሌላ ቤት፣ ሙሉ እንቅልፍ ትተኛ። የቀጠሮና የመድኃኒት ጉዳይ ለአንድ ወንድም ሙሉ በሙሉ ይሰጥ። ገንዘብ ላኪዎቹ ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ለሌሊት ተረኛ የሚከፈል ይላኩ፤ የሰው ጉልበት ራሱ መድኃኒት ነው። ጎረቤት እሑድ ሊጠይቅ ሲመጣ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ፣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ትመለስ። ተረኞቹ እንዳይፈሩ አገላበጡን፣ አበላሉን፣ የመድኃኒቱን ሰዓት አንድ ጊዜ አጠገቧ ቆመው ይማሩ፤ ዝርዝሩም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አሜሪካ ላሉት አንድ የማይታወቅ በር አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ፣ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው፣ በጠና የታመመ ወላጁን ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ የሥራ ቦታውም ይጠበቅለታል። ወላጁ የሚኖረው ሌላ አገር ከሆነ በዚያው አገር የሚሠራ ሐኪም የሚጽፈው ማስረጃ ተቀባይነት አለው። ያለ ደመወዝ መቆየት ለሁሉም አይቻልም። የሚችል ግን አዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ወር ቢተካ፣ ለአስታማሚዋ የሚሰጣት ዕረፍት በላከው ብር ከሚገዛው የተለየ ነው፤ ራሱም ሥራው ምን እንደሆነ አውቆ ይመለሳል።

እድሮችም ቢሆኑ ይህ ለእነሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን በአዲስ አበባ አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመሙ አባላትን በየቤታቸው መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። በየወሩ ከሚዋጣው ላይ ለአልጋ ቁራኛ ቤተሰብ ተሽከርካሪ ወንበርና የአየር ፍራሽ ገዝቶ በተራ ማዋስ፣ ከድንኳንና ከወንበር በላይ የሚከብድ ወጪ አይሆንም። የሌሊት ተረኛ መመደብም የመተዳደሪያ ደንብ አንድ አንቀጽ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ሥራው ተከፋፍሎም የማይነሣ ድካም አለ። ዝለት ዕረፍት ሲገኝ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ድባቴ ግን ዕረፍትም አያነሣውም፣ ቀድሞ ደስ ይሉ የነበሩ ነገሮች ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ጣዕም ያጣሉ፣ እንቅልፍና ምግብ ይዛባሉ፣ ተስፋ ይጨልማል። አስታማሚው «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ፣ ወይም በሽተኛውን ገፍትሮ፣ መትቶ፣ ዝም ለማሰኘት ያልታዘዘ የእንቅልፍ ክኒን ሰጥቶ ከተገኘ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን በሽተኛውን ሌላ ሰው ይረከብ፣ አስታማሚው ወደ ሐኪም ይሂድ። ለዚህ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ግን እንዳያቋርጥ። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ፣ የወገብ ሕመም፣ በወላጅ ሕመም ሰበብ የተላለፈ የራስ ቀጠሮ ሁሉ እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

ሒሳቡ ሳይዘጋ

የአስታማሚ ድካም የመጨረሻው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ከአርባ በኋላ ነው። ልጅቱ አምስት ዓመት ከሥራ ዓለም ወጥታለች፤ የጡረታ መዋጮ አልተከፈለላትም፤ የተማረችው ሙያ አርጅቷል፤ የምትኖረው በእናቷ ቤት ነው። አሁን ውርስ ይነሣል። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። አምስት ዓመት ያስታመመችውም፣ በዓመት አንዴ የደወለውም ድርሻቸው አንድ ነው። ቤቱ ይሸጥ ከተባለ የምትወጣው እሷ ናት። ያስታመመችው ለውርስ ብላ አልነበረም፤ እንዲህ ብላ መናገርም ያሳፍራታል፤ ዝምታዋ ግን ፍትሕ አይሆንም።

ስለዚህ ቤተሰቡ ሥራ ለመከፋፈል በተቀመጠበት ዕለት ይህንንም ያንሣው። ወላጅ አእምሮው ካልደከመ ኑዛዜውን በሕግ አግባብ ያድርግ። አእምሮው ከደከመ ደግሞ እህትማማቾችና ወንድማማቾች፣ ያስታመመችው ልጅ ከወላጅ ሞት በኋላ በቤቱ ምን ያህል ጊዜ እንደምትቆይ፣ ሥራ እስክትጀምር ማን ምን እንደሚረዳት፣ ለሥልጠና ማን እንደሚከፍልላት ይስማሙ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያድርጉት። ጉዳዩ የፍቅር ጉዳይ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ። ወላጅን በጋራ የወደደ ቤተሰብ፣ ወላጅን ማስታመም የሚያስከፍለውንም በጋራ መክፈል አለበት።